ልጄ መጻፍ የተማረችበት የምሳ ሰዓት

በቅርቡ ልጄን ለጀማሪ ሠራተኞች ንግግር አድርጊ ብለው ጠርተዋት ነበር፤ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳመጥኳት። ጥሩ ሪፖርት እንዴት ይጻፋል ነው ነገሩ። የዕለት ማስታወሻ ያዙ አለቻቸው። በየቀኑ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ ማን ያየኛል ሳትሉ የሚሰማችሁን በነጻነት ጻፉ፣ ዓመት ሳይሞላ እጃችሁ ይፈታል አለች። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ያለችውን ሁሉ ይገለብጣሉ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ።

ማስታወሻ ይዛ መጻፍ መማሯ እውነት ነው፣ አልክድም። የቀረውን ግን እንደ ሠርግ ፎቶግራፍ አሰማምራ ነው የነገረቻቸው። ስለዚህ እኔ እንደሆነው ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጄን በምታክል ተማሪ እጅ። ስለዚህ አጻጻፌን የሚንቅ ይናቅ። የማንንም ስም አልጽፍም። ያን ጊዜ ስም መጻፍ ሰው ያስበላ ነበር፤ ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ናዝሬት ውስጥ፣ ከአሰብ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር ነበር የምንኖረው። ባሌ ሞቷል። እኔ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ የተማሪ ካኪ እሰፋለሁ። ልጄ ትምህርቷን እንደጨረሰች ግብርና መሥሪያ ቤት ጀማሪ ባለሙያ ሆና ተመደበች። ወለንጪቲ፣ መቂ፣ ዝዋይ ይልኳታል፤ የገበሬ ማኅበራቱን አይታ ትመለስና ሪፖርት ትጽፋለች። የሙከራ ጊዜዋን አልፋ ቋሚ የምትሆነው አለቃዋ ሪፖርቷን ከወደደው ነው። ካልወደደው ቤት ትቀመጣለች፤ ቤት የተቀመጠ የተማረ ልጅ ደግሞ ለቀበሌው ሥራ ይፈጥርለታል። ከእኛ ጥቂት ቤቶች ወዲያ ያለች ሴት ልጇን ያጣችው በአንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ ላይ የነበረው የፍቅር ግጥም ነው ይባላል። ማን አጣርቶ። እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። በሰላም የወጣች በሰላም ትግባ፤ ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

የመጀመሪያ ሪፖርቷን ስታነብልኝ ደረቴ ተነፋ። «ሰፊው የወረዳው አርሶ አደር በአብዮታዊ ዲሲፕሊን ታንጾ፣ የምርት ዘመቻውን ከግብ ለማድረስ ከምንጊዜውም በበለጠ ቆርጦ በመነሣት ላይ የሚገኝ መሆኑ በተጨባጭ በታየበት በአሁኑ ወቅት» ይላል፤ ገና መጀመሩ ነው። ቁርጥ ሬዲዮ። ሬዲዮ ያለውን የደገመ ሰው ምን ይደርስበታል? ምንም። ልጄ ብልህ ናት አልኩ።

አለቃዋ ግን ሙሉ ገጹን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ፣ ከታች «ጤፉ በቅሏል ወይስ አልበቀለም?» ብሎ መለሰላት። ሁለተኛውንም መለሰ። ሦስተኛውንም። ራሱ ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰው እስኪያንጎላጅ እንዲሁ ነው የሚያወራው። እሱ ሲናገረው ንቃት፣ ልጄ ስትጽፈው ስንፍና። ልጄም ማታ ማታ ትራሷ ውስጥ ታለቅሳለች።

በዚህ መሐል የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ መከራት። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እዚያ መሥሪያ ቤት የኖረ፣ በዚያ በናዝሬት ሙቀት ክራባት የሚያስር ሰው ነው። የዕለት ማስታወሻ ያዢ፣ ለመሥሪያ ቤት ሳይሆን ለራስሽ ጻፊ አላት። እሷም ባለ ጥቁር ልባስ ደብተር ገዝታ ገባች። ጠረጴዛው ላይ አየሁት። በማግሥቱ የሰፋሁትን ካኪ ለባለቤቱ ሳላደርስ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ።

«እርስዎ ነዎት ልጄን ማስታወሻ ያዢ ያሏት?»

«እኔ ነኝ እመቤቴ። ይቀመጡ እስቲ።»

«መቀመጡ ይቆየን። አገሩ ሁሉ ያለውን ወረቀት እያቃጠለ እርስዎ አዲስ ያስጽፋሉ?»

«እጇ እንዲፈታ ብዬ ነው። ልጅቷ አእምሮ አላት፤ የሰው ቃል ነው አፏን የሞላው። በየቀኑ የራሷን ስትጽፍ ይለቃታል። እኔ በወጣትነቴ እንዲያ ነው የተማርኩት።»

«አሁንስ ይጽፋሉ?»

«አሁንማ ተውኩት።»

«ለምን ተዉት?»

ወደ በሩ ተመለከተ። ክራባቱን አላላ፣ መልሶ አጠበቀ። «ወረቀት እኮ ጠፋ» አለኝ። ያንን የሚለኝ እስከ ጣሪያ ድረስ በወረቀት ተከብቦ ነው።

«እንግዲያውስ ወረቀት የጠፋበት ሰው የሰው ልጅ ባያስበላ ደግ ነው» አልኩት።

ሳቀ። «እሺ፣ እንዲህ ከፈሩ እርስዎ ራስዎ ሳንሱር ይሁኑላት። እያነበቡ ያሳልፉላት። የመሠረተ ትምህርቱን የምስክር ወረቀት ወስደዋል ሲባል ሰምቻለሁ።»

ቀልዱን ነበር። ለሌሎቹም እየነገረ ሲስቅ ከርሟል፣ በኋላ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ቁም ነገር አድርጌ ይዤው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቴ ውስጥ ሳንሱር ያልነካው ፊደል አላደረም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ልጄ ለምሳ ትመጣለች። ናዝሬት በዚያ ሰዓት እሳት ናት፤ ጋሪ ነጂው ሳይቀር ፈረሱን ጥላ ሥር አቁሞ ይተኛል፤ ሰው በር አያንኳኳም። በልታ ስታበቃ ትጽፋለች። ስትጨርስ እኔ አነባለሁ። ያለፈው ይቀመጣል። ያላለፈው ገጽ ተቀዶ የከሰል ምድጃው ውስጥ ይገባል። ክርክር የለም።

ስም አይጻፍም። መንግሥት አይነሣም፤ በክፉም በደግም። ወታደር የጫነ ባቡር ካየሽ አላየሽም። ሰው ስለ ኮታ ያለሽን አልሰማሽም።

«የሚሰማኝንስ?» አለች።

«የሚሰማሽንማ ጭራሽ። ለፍተሻ የሚመጡት ሌላ ምን ሊፈልጉ ነው?»

«ታዲያ ምን ቀረኝ እማዬ?»

«ያየሽውን ጻፊ። ገጠር ውለሽ ላም አላየሽም? ላም ጻፊ።»

በንዴት ጉንጯ ቀልቶ ላም ጻፈች። እኔን ለማናደድ ነበር። አሁን ሰው ፊት ቆማ ስታስተምረው የዋለችው ጥበብ የተጀመረው በዚያች ላም ነው፤ ይህንን ግን አትናገርም።

ሌላው ጣጣ የእኔ አነባበብ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። በሆዴ ማንበብ አላስተማሩኝም። ልጄ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጀመረች ከናዝሬት ተነሥታ ሞጆ ካልደረሰች አራት ነጥብ የማትጥል ነበረች። መሐል ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያልቃል፤ ትንፋሼን ስሰበስብ መጀመሪያው ይጠፋኛል። ተመልሼ ከላይ እጀምራለሁ። እሷ ሰዓቷን ታያለች። የሥራ መግቢያ ሰዓት ደረሰ።

«ይህን ነገር ማን ነው ያደረገው?» እላታለሁ።

«መጀመሪያው ላይ ተጽፏል እኮ።»

«መጀመሪያውማ ካለፈኝ ቆየ። ያልገባኝን አላሳልፍም። ምን እንዳለበት ምን አውቃለሁ?»

ይቀደዳል።

አንድ ቀን «በተፈጥሮ ውበት በተከበበው የወለንጪቲ ሜዳ ላይ ስጓዝ ልቤ ሊገለጽ በማይችል ስሜት ተሞላ» ብላ ጽፋ አገኘሁ። ላብ በላብ ሆኜ ተወጣሁትና «ሊገለጽ የማይችል ከሆነ ምን አስጻፈሽ?» አልኳት። ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ ወጣች። ምሳዋን እንኳ አልበላችም።

በማግሥቱ የመጣችው ሌላ ሆና ነው። እስክሪብቶዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አንብቢ አለችኝ፤ ትንፋሼ ባለቀበት ሁሉ አራት ነጥብ ታስቀምጣለች። በእልህ ነው። ለማሳል የቆምኩበትን ሳይቀር አራት ነጥብ አደረገችው። ስትጨርስ ገጹን አዲስ አድርጋ ገለበጠችውና እንደገና ሰጠችኝ። «ላሚቱ ከስታለች። አንዱ ቀንዷ ወደ ዓይኗ ዞሯል። ባለቤቷን ዘሩን ዘራኸው ወይ አልኩት። ቀንዷን ይዞ መሬት መሬት አየ።» ሳልቆም ደረስኩ። ሰውዬውንም አየሁት።

ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ለላም ቀንድ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የለም ብዬ ነው የተነሣሁት። ቢሆንም አለፈ።

እንዲህ እየሆነ ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። አንዳንዱን ገጽ በምን ምክንያት እንደቀደድኩት ራሴም አላውቅም። አንዴ «በር ሲንኳኳ እናቴ በሩን ሳይሆን መጀመሪያ እኔን ታያለች» ብላ ጽፋለች። ስም የለበትም፤ መንግሥት የለበትም። ሁለቴ አነበብኩትና ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ ወረቀት አውጥታ ስለ አህያ ጻፈች።

ሪፖርቱም ተከተለ። ከመቂ ስትመለስ «ገበሬዎቹ ዘሩን ተቀብለዋል። አልዘሩትም። ዝናቡ ዘገየ። አሁን ቢዘራ ይቃጠላል ይላሉ» ብላ አስገባች። አለቃዋ ቀዩን እስክሪብቶ አልነካውም፤ ፈርሞ መራው። አውራጃ ስብሰባ ላይም ይህችን ሪፖርት አንብቦ፣ ባለሙያዎቼን እንዲህ ነው የማሠለጥነው አለ አሉ። እፍረት እንደማያውቅ ቀድሜም አውቃለሁ። ብቻ ልጄ ቋሚ ሆነች። ሽማግሌውም ክራባቱን እያስተካከለ፣ እኔ መክሬያት ነው ይላል። ላሚቱን የሚያነሣ የለም።

ሰው ልጄን ሲያመሰግናት እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የተመሰገነ ሰው ይታያል።

እውነትም ታየች። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የቀበሌው ካድሬ ሁለት ጠባቂ አስከትሎ ለፍተሻ መጣ። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የአውቶቡስ ረዳት ነበር፤ መናኸሪያው በር ላይ «ሞጆ፣ ደብረ ዘይት» እያለ ሲጮህ ድምፁን የማያውቅ የናዝሬት ሰው የለም። አሁን ሽጉጥ ታጥቆ «የዓለም ላብ አደሮች» ይላል። አልጋውን አነሡ፣ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ጎተቱ። ደብተሩ እዚያው ነው፤ ከክር ጋር። ደብቄው ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር። ካድሬው ደብተሩን ይዞ በረንዳ ላይ ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ። እኔ መቀሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«"ከወለንጪቲ በኩል ነፋስ ተነሣ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን" ይላል» አለ። «ይህ ነፋስ የማን ድርጅት ነው?»

«ነፋስ ነው ጓድ» አለች ልጄ።

«አውቃለሁ ነፋስ ነው። ማን ላከው ነው የምልሽ?»

«አቧራ ነበረበት ጓድ። መኪናው ላይ ሸራ አልነበረም።»

ገጽ ገለጠ። ላሚቱን አነበበ። አህያውን አነበበ። ቆይቶ ቆይቶ ወደ እኔ ዞሮ «እናት፣ ልጅዎ አእምሮዋ ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው ጓድ። ብቻ ከብት ትወዳለች።»

ጠባቂዎቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ደብተሩን ግን አላስቀመጠውም። ሲያስብ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ግንባሩን ይቋጥራል። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ» አላት። «ስታነቢው ይታያል። የእኛ የስብሰባ ጸሐፊዎች የሚጽፉትን እኔም አልረዳው። ከእንግዲህ የሴቶች ማኅበርን ውይይት ቃለ ጉባኤ አንቺ ትይዢያለሽ። እኔ እዚያ አልገባም፤ ስለዚህ ማን ተነሣ፣ ምን አለ፣ እንዲህ ቁልጭ አድርገሽ። ለበላያችን ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ነው።» ደብተሩን መልሶላት ወጣ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት፤ ምን ልበል። እሱ በሩን ሲዘጋ ልጄ ደብተሩን መልሳ ከክሩ ጋር መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

ስብሰባው በሳምንቱ ነበር። ከእኛ ጎን የምትኖር ጎረቤት አለችኝ፤ ኦሮሞ ናት፣ የወለንጪቲ ልጅ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል «አከም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ካላለችኝ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። ልጄን በጡቷ አጥብታልኛለች፤ እኔ በወባ የተኛሁ ጊዜ። አፏ ግን አያርፍም። ያን ቀን ሴቶቹ ሁሉ ጉልበታቸውን እያዩ በተቀመጡበት እሷ ተነሣች። ነጠላዋን አገልድማ፣ ለልጆቼ ማጠቢያ ሳሙና ካጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው አለች። ኅብረት ሱቁ የለም ይለኛል፤ ሳሙናው ግን በካርቶን ተጭኖ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደግሞ የተሸከመው የእናንተው ጠባቂ ነው አለች። ጠባቂው በር ላይ ቆሟል። ልጄ ብቻ ትጽፋለች፤ እስክሪብቶው ሲጭር ይሰማኛል።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት አውጥታ ሰጠችኝ። በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። አንድም ቦታ አልቆምኩም። ጎረቤቴ እዚያ ወረቀት ላይ ነጠላዋን አገልድማ ቆማለች፤ እጇ ይንቀሳቀሳል፤ ካርቶኑ ይታያል፤ ጠባቂው ከደጅ ዓይኑን ሲሰብር ይታያል። ስሟም ተጽፏል፤ ቃለ ጉባኤ ያለ ስም አይሆንማ። እኔ እንዲህ ካየኋት ከፍተኛው ላይ ያለውም እንዲሁ ያያታል።

«ይህን አበላሺው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። እንደ ድሮሽ ጻፊው።»

«እማዬ፣ ዓመት ሙሉ እኮ እንዳልጽፍ ስትቀጂብኝ የነበረው እንደ ድሮው ነው። አሁን ሥራዬ ይህ ነው። እሷ ያለችውን ነው የጻፍኩት፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።»

«አለመጨመርሽ ነው የሚያስበላት።»

«ካልጻፍኩስ እኔ ብያዝ? ቁልጭ አድርጊ ብሎኛል።»

እውነቷን ነው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ ብያለሁ፤ የምፈራውም ለእሷ ነው። ወረቀቱን እንደያዝኩ በአጥሩ በኩል ጎረቤቴ ልጆቿን ስትቆጣ ይሰማኛል። ልጄም ትሰማለች። ምሳ ሰዓቱ እያለቀ ነው።

ልጄ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ራሷ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት አወጣችና ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች። ስትጽፍ እንደ ውሃ ነው የፈሰሰላት፤ «ከተሳታፊ እናቶች በኩል፣ የመሠረታዊ ፍጆታ ዕቃዎች ሥርጭትን ይበልጥ አብዮታዊ በሆነ አሠራር ለማጠናከርና የንጽሕና አጠባበቅ ንቃትን ወደ ላቀ ደረጃ ለማሸጋገር የሚረዱ ገንቢ አስተያየቶች በሰፊው የተሰነዘሩ ሲሆን፣ የማጓጓዝ ተግባሩም በተገቢው አካል እየተከናወነ መሆኑ በተሳታፊዎች ተረጋግጧል» አለች። ላነብ ሞከርኩ። መሐል ላይ ትንፋሼ አለቀ። ከላይ ጀመርኩ፤ እንደገና አለቀ። ሳሙና ይሁን ባቡር አልለየሁትም።

«አልፏል» አልኳት።

ካድሬው ወረቀቱን ሲያነብ በዓይኔ አላየሁም፤ ልጄ ናት የነገረችኝ። ቁልጭ አድርገሽ አላልኩሽም ወይ ብሎ ይጮሃል ብላ ስትጠብቅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ሲሄድ ፊቱ በራ። ረዳት ሳለ «ሞጆ» የሚልበት ድምፁ ነው የወጣው። «በጣም አድገሻል» አላት። «ያ የከብቱ ነገር ንቃት ይጎድለው ነበር።» ይህንን ስትነግረኝ ሳትስቅ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ጸሐፊነቱን ሳትተው ብዙ ቆየች፤ ማን ያስተዋት። ስብሰባ በተደረገ በማግሥቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ጥርት አድርጋ ትጽፈዋለች፤ ማን ተነሣ፣ ምን አለ፣ እጁ የት ነበር። እኔ አነባለሁ፤ ምን መሸፈን እንዳለበት ሁለታችንም የምናውቀው ያኔ ነው። ያልታየ ነገር እንዴት ይሸፈናል? ከዚያ ምድጃ። ከዚያ ጭጋጉን ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው በልጄ ጽሑፍ ሲጠራ አልሰማሁም። እጇ በዚህም በዚያም ተፈታ፤ እነዚያ ደብተር ይዘው የሚገለብጡ ልጆች ግማሹን ነው የሰሙት።

ጎረቤቴም እንደ ልማዷ ኅብረት ሱቁ በር ላይ ተሰልፋ ትሳደባለች፤ እኔ ከኋላዋ ሆኜ ነጠላዋን እጎትታለሁ።

«ተዪኝ» ትለኛለች። «ያን ቀን ስብሰባ ላይ ሁሉንም አፍረጥርጬ ነገርኳቸው፤ ምን አደረጉኝ? አፌን ፈርተው ነው።»

«ይሆናል» እላታለሁ።